የፕሮፖዛል ምክር ፈልጌ ነበር፦ በሥራ ቦታ ጾታዊ ጥቃትና ትንኮሳን ለመከላከል የሚሰጥ ገንዘብ ምን ላይ ቢውል ይሻላል?

ሰላም_ፕሮጀክት

ሰላም ለሁላችሁ። በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ።

የምሠራው አምስት ሰው ባለበት ትንሽ የሴቶች ድርጅት ውስጥ ነው። በሥራ ቦታ የሚደርስ ጾታዊ ጥቃትና ትንኮሳን ለመከላከል የሚውል የገንዘብ ድጋፍ ጥሪ ወጥቷል። ሊዘጋ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ፕሮፖዛሉን የምጽፈው እኔ ነኝ፣ በዚህ ጉዳይ ላይ ስጽፍ ደግሞ የመጀመሪያዬ ነው።

ረቂቁ ለጊዜው እንዲህ ነው። ሦስት ፋብሪካ እንገባለን። ለሱፐርቫይዘሮች ስድስት ወርክሾፕ፣ ለአንድ ሺህ ሠራተኞች የግማሽ ቀን ግንዛቤ ማስጨበጫ፣ ፖስተር፣ በራሪ ወረቀት፣ በየፋብሪካው የአስተያየት መስጫ ሳጥን፣ መጨረሻ ላይ የማጠቃለያ ኮንፈረንስ። ዋናው ግብ ላይ የጻፍኩት «በሁለት ዓመት ውስጥ የሚቀርበው የትንኮሳ ሪፖርት በ50 በመቶ ይቀንሳል» የሚል ነው።

አለቃዬ ወዳዋለች። ለጋሾች ቁጥር ይፈልጋሉ አለችኝ። እኔን ግን ባነበብኩት ቁጥር አንድ ነገር ይከነክነኛል፣ ምን እንደሆነ በትክክል መናገር አልቻልኩም። የጻፋችሁ፣ የገመገማችሁ፣ ወይም እንዲህ ያለ ፕሮጀክት እናንተ መሥሪያ ቤት ድረስ መጥቶ ያያችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። ጠንከር ያለ አስተያየትም ቢሆን እቀበላለሁ።

ገምጋሚ_ነበርኩ

ሰላም እህቴ። እንዲህ ዓይነት ማመልከቻ ከሚያነቡት አንዷ ነበርኩ፣ ለጥቂት ዓመታት። የሚከነክንሽ ነገር ያቺ የ50 በመቶ ግብ ናት ብዬ አስባለሁ።

ሪፖርቱ ሌላ ነው፣ ጥቃቱ ሌላ። የዓለም የሥራ ድርጅት ከሎይድስ ሬጂስተር ፋውንዴሽንና ከጋሉፕ ጋር ሆኖ በ2021 (እ.ኤ.አ.) በ121 አገሮች ወደ 75 ሺህ የሚጠጉ ሠራተኞችን ጠይቆ ነበር። 22.8 በመቶው፣ ማለትም ከአምስት ሰው ከአንድ በላይ፣ በሥራ ዘመኑ ቢያንስ አንድ ዓይነት ጥቃት ወይም ትንኮሳ ደርሶበታል። ለሌላ ሰው የተናገሩት ግን ከእነዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉ ብቻ ናቸው። ብዙዎቹም አፋቸውን የከፈቱት ከአንድ ዓይነት በላይ ጥቃት ወይም ትንኮሳ ከደረሰባቸው በኋላ ነው። ለምን አልተናገራችሁም ሲባሉ በብዛት የመጣው መልስ «ምን ዋጋ አለው» የሚል ነው፣ ከዚያ ደግሞ ስሜ ይጠፋል የሚል ፍርሃት። አሜሪካ ውስጥ በሥራ ላይ የእኩል ዕድል ኮሚሽን ያቋቋመው ቡድን በ2016 ባወጣው ሪፖርት ትንኮሳ ከደረሰባቸው አራት ሰዎች ሦስቱ ያህል ለአለቃም ለማኅበር ተወካይም ጉዳዩን አንስተው አያውቁም ነበር።

እንግዲህ አስቢው። ፕሮጀክትሽ በደንብ ከሠራ፣ ሴቶቹ ካመኑሽ፣ በመጀመሪያው ዓመት ሪፖርቱ ይጨምራል። መጨመርም አለበት። አንቺ ግን በዚህ ግብ ከለካሽው ሴቶቹ ሲናገሩ ከሰርሽ፣ ዝም ሲሉ ተሳካልሽ ማለት ነው። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ደግሞ ፋብሪካው ያቺን ቁጥር ካወቃት ሴቶቹን ዝም የሚያሰኝበት አንድ ተጨማሪ ምክንያት አገኘ ማለት መሆኑ ነው። ቁጥር አትተዪ፣ ያቺን ቁጥር ግን አውጪያት።

የማታ_ፈረቃ

ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው የምወጣው። ዛሬ ልጻፍ።

እንዲህ ያለ ፕሮጀክት እኛ ጋ መጥቶ ነበር። የት እንደሆነ አልናገርም። በምሳ እረፍታችን አዳራሽ ሰበሰቡን። አሠልጣኟ ጥሩ ሰው ነበረች፣ ከልቧ ነበር የምትናገረው። «ዝም አትበሉ» አለችን። ከኋላችን ግድግዳውን ተደግፎ የቆመው ሰው ደግሞ የመስመራችን አለቃ ነበር። ማታ ማታ ማሽን ላስተካክል እያለ ከጀርባዬ የሚጠጋኝ እሱ ነበር።

ግን አመንኳት። በሁለተኛው ሳምንት ወረቀት ላይ ጽፌ ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩ። ስሜን አልጻፍኩም። ሰዓቱንና መስመሩን ግን ጽፌያለሁ፣ ያንን ካልጻፍኩ ምን ልበል? በዚያ ፈረቃ በዚያ መስመር ላይ ስንት ሴት አለ፣ ማወቅ አያቅትም። ሳጥኑ የተሰቀለው የሰው ኃይል ክፍሉ በር አጠገብ ነው፣ ቁልፉም እነሱ ጋ ነው። በሦስተኛው ቀን አለቃዬ ወረቀቱ ላይ የጻፍኩትን ቃል በቃል ነገረኝ።

ከዚያ ወደ ሌላ መስመር አዛወሩኝ። «ለአንቺ ደኅንነት ነው» ተባልኩ። የሚከፈለን በሠራነው ቁጥር ነበር፣ አዲሱን ሥራ ደግሞ አላውቀውም፣ ስለዚህ ገቢዬ ወረደ። እሱ እዚያው ቀረ። አምስት ወር ታግሼ ለቀቅኩ። ፕሮጀክቱ ሪፖርት ላይ የሠለጠነች ተብዬ የተቆጠርኩ ይመስለኛል፣ ፊርማዬ የስም ዝርዝሩ ላይ አለ።

እህቴ፣ ክፉ ስሜት ኖሮኝ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ሴትየዋ ከተናገረች በኋላ በማግሥቱ ጠዋት ሥራ ስትገባ ምን ይሆናል? ፕሮፖዛልሽ ውስጥ ለዚህ መልስ ከሌለ ተናገሩ አትበሉን።

ሰላም_ፕሮጀክት

@የማታ_ፈረቃ አንብቤው ከወንበሬ ተነሥቼ ወጥቼ ተመለስኩ። ይቅርታ፣ ይህ ሊደርስብሽ አይገባም ነበር። ረቂቄን ከፍቼ የአንቺን ጥያቄ ይዤ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። መልስ የለውም። አንድ መስመር እንኳ የለውም።

የሰው_ኃይል_ባለሙያ

እኔ ከሌላው ወገን ነኝ፣ በሰው ኃይል ክፍል ለዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። @የማታ_ፈረቃ ያልሽው እውነት ነው፣ አላስተባብልም። የሰው ኃይል ክፍሉ ተጠሪነቱ ለሥራ አስኪያጁ ነው። ሥራ አስኪያጁ የሚጠየቀው ደግሞ በምርት ነው። አንድ ጎበዝ የመስመር አለቃ ሲከሰስ በክፍሉ ላይ የሚመጣውን ጫና አይቻለሁ። ስለዚህ ሳጥኑንም ቁልፉንም ለእኛ አትስጡን።

ነገር ግን ሰላም፣ ሁለት ነገር ልንገርሽ። ሪፖርት ይጨምራል ብለሽ ለማኔጅመንት ከሄድሽ በሩን ይዘጉብሻል። ይህን ከአሁኑ አስቢበት። እኔ ብሆን ስለ ሠራተኛ መልቀቅ ነው የማነሣው፤ ሠራተኛ በየጊዜው ሲለቅ አዲስ ቀጥሮ ማሠልጠን፣ ሰው ሲቀር መስመር መቆም፣ ይሄ ሁሉ ወጪ እንደሆነ እነሱም ያውቁታል። ሁለተኛው፣ የሐሰት ክስስ? በሠራተኛው መሃል የሚነሣ ጥያቄ ነው፣ ወንዶቹ ከመጀመሪያው ቀን ይጠይቁሻል። መልስ ይዘሽ ግቢ።

ሕግ_ነክ

ለሁለተኛው እኔ ልመልስ፣ ጠበቃ ነኝ።

የሐሰት ክስን የሚከላከለው ጥሩ ምርመራ ነው። ሁለቱም ወገን የሚሰማበት፣ ማስረጃ የሚመዘንበት፣ ቀነ ገደብ ያለው፣ መርማሪው ከሁለቱም ጋር ያልተነካካ። እንዲህ ያለ ሥርዓት ሲኖር በሐሰት የተከሰሰ ሰው በወሬ ብቻ አይጠፋም፣ እውነተኛዋ ከሳሽም በወሬ አትጠፋም። ሥርዓት በሌለበት ግን ሁሉም ነገር ሐሜት ነው። ወንዶቹን እንዲህ ስታስረጃቸው ይገባቸዋል፣ እኔ ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

ምሳሌ የሚሆን ሕግ አለ። ሕንድ በ2013 ያወጣችው ሕግ አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው መሥሪያ ቤት ሁሉ የውስጥ ኮሚቴ እንዲያቋቁም ያስገድዳል። ሰብሳቢዋ ከፍ ባለ ደረጃ የምትሠራ ሴት ትሆናለች፣ ከአባላቱ ቢያንስ ግማሾቹ ሴቶች፣ አንድ አባል ደግሞ ከመሥሪያ ቤቱ ውጭ ትመጣለች። ምርመራው በ90 ቀን ያልቃል። ሕጉ በሁሉም ቦታ በደንብ ይሠራል ማለቴ አይደለም። ከውጭ አንድ ሰው ይግባ የሚለው ሐሳብ ግን ወርቅ ነው፣ ያቺን ሰው ደግሞ የእናንተ ገንዘብ ሊከፍላት ይችላል።

ከዚያ የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 190 አለ። በሰኔ 2019 ጸድቆ ከሰኔ 2021 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። ፕሮፖዛል ላይ ስሙን ጠርቶ ማለፍ ልማድ ሆኗል፣ ውስጡን ግን አንብቢው። አንድ ጊዜ ብቻ የተፈጸመ ድርጊትም ይቆጠራል ይላል። ተለማማጅን፣ ሥራ ፈላጊን፣ ከሥራ የተሰናበተን ሰው ሳይቀር ይሸፍናል። ቦታውም የማሽኑ ዙሪያ ብቻ አይደለም፤ መጸዳጃና ልብስ መቀየሪያ፣ አሠሪው የሚሰጠው መኖሪያ፣ ወደ ሥራ መሄጃና መመለሻ መንገድ፣ በስልክ የሚላከው መልእክት ሁሉ ውስጥ ነው። ሠራተኛዋ አጣዳፊና ከባድ አደጋ እንዳለ በቂ ምክንያት ካላት ከቦታው የመራቅ መብት አላት፣ በዚህ የተነሣ ማንም ሊበቀላት አይችልም።

ስለዚህ ምክሬ፦ አንድ ወርክሾፕ እንኳ ከመጀመሩ በፊት ከፋብሪካው ጋር የተፈረመ ሰነድ ይኑርሽ። ምርመራው እስኪያልቅ ድረስ እሷ ራሷ ካልጠየቀች በቀር የሚዛወረው ተከሳሹ ነው፣ እሷ አይደለችም። በዚያ ጊዜ ገቢዋ አይነካም። ሁለቱም ነገር በጽሑፍ ይሁን። ካልፈረሙ አትግቢ፣ ሦስት ፋብሪካ የነበረው አንድ ቢሆንም።

የማኅበር_ሰው

@ሕግ_ነክ ባለችው ላይ ልጨምር። ፊርማው ራሱ ጥርስ ያስፈልገዋል።

የሌሶቶን ታሪክ ብዙ ሰው አያውቀውም። ጂንስ የሚሰፉ ፋብሪካዎች ውስጥ ሱፐርቫይዘሮች ሴቶቹን «ከእኔ ጋር ካልተኛሽ ኮንትራትሽ አይታደስም» እያሉ ሲያስገድዱ እንደነበር በገለልተኛ ምርመራ ተረጋገጠ። ከዚያ በ2019 ስምምነት ተፈረመ። የፈረሙት እነማን ናቸው? ሌቪ ስትራውስን ጨምሮ ሦስት ገዢ ኩባንያዎች፣ የፋብሪካዎቹ ባለቤት፣ የሠራተኛ ማኅበራትና የሴቶች መብት ድርጅቶች። ቅሬታ የሚቀበልና የሚመረምር ከፋብሪካው ውጭ የሆነ አካል ተቋቋመ። ፋብሪካው ውሳኔውን ካላከበረ ገዢዎቹ ትእዛዝ እንዲቀንሱበት ተስማሙ። እንግዲህ ጥርስ ያልኩት ይህን ነው። ሥራ አስኪያጁ የሚፈራው ፖስተሩን አይደለም፣ ገበያው እንዳይጠፋበት ነው።

በሕንድ ታሚል ናዱ ግዛት ለልብስ ፋብሪካ ሠራተኞች ደግሞ በ2022 የዲንዲጉል ስምምነት የሚባለው ተፈርሞ ነበር። እዚያ አንዲት ሠራተኛ በሱፐርቫይዘሯ ከተገደለች በኋላ ነው የመጣው፣ ሳስበው አሁንም ልቤን ይነካኛል። ማኅበሩን የሚመሩት ራሳቸው ሴቶቹ ናቸው። ከሠራተኛው መሃል የሠለጠኑ ታዛቢ ሴቶች በማምረቻው ውስጥ ነበሩ፣ ነገሩ ገና ስድብ እያለ፣ ገና ጩኸት እያለ ያነሡት ነበር። ሰው የሚረሳው ይሄን ነው። ትልቁ ጥቃት ብዙውን ጊዜ ከሰማይ ዱብ አይልም። መጀመሪያ ስድብ ነው፣ ከዚያ ቀልድ፣ ከዚያ እጅ፣ ከዚያ ደግሞ ማስፈራሪያ። ስድቡ ላይ ከተያዘ ወደ እጅ ሳይደርስ ይቆማል። መከላከል ማለት ለእኔ ይህ ነው።

ፍሎሪዳ የቲማቲም እርሻ ላይ የሚሠሩት የኢሞካሊ ሠራተኞች ጥምረትም እንዲሁ። ከ2011 ጀምሮ በአብዛኛው የፍሎሪዳ ቲማቲም እርሻ የገባ ፕሮግራም አላቸው። ሠራተኞቹን የሚያስተምሩት ሠራተኞች ናቸው፣ በሥራ ሰዓት፣ እየተከፈላቸው። በማንኛውም ሰዓት የሚደወልበት መስመር አለ። ጾታዊ ጥቃት ተገኝቶ እርሻው እርምጃ ካልወሰደ በፕሮግራሙ ውስጥ ላሉት ትልልቅ ገዢዎች መሸጥ አይችልም።

አንቺ በሁለት ዓመት ገንዘብ ይህን ሁሉ አትገነቢም፣ አውቃለሁ። ነገር ግን ፋብሪካዎቹ ለማን እንደሚሸጡ እወቂ። ለገዢው ደብዳቤ መጻፍ ገንዘብ አይጠይቅም።

የሰው_ኃይል_ባለሙያ

@የማኅበር_ሰው ልክ ነህ ወንድሜ። ገዢ ሊጎበኝ ሲመጣ በአንድ ሳምንት የሚስተካከለውን ነገር እኛ በዓመት ማስተካከል አቅቶን ያውቃል።

ቤት_ለቤት

በመሃል ልግባና፣ ለምን ፋብሪካ ብቻ? የቤት ሠራተኞችስ? ለእነሱ የሥራ ቦታው የሰው ቤት ነው። ሳጥን የለ፣ ኮሚቴ የለ፣ ምስክር የለ። ሁሉም ገንዘብ ፋብሪካ ይሄዳል፣ ምክንያቱም ፋብሪካ ውስጥ አንድ ሺህ ሰው በአንድ ቀን ይቆጠራል።

ገምጋሚ_ነበርኩ

@ቤት_ለቤት ትክክል ነሽ፣ ገምጋሚዎችም በዚህ ጥፋት አለብን። ስንት ሰው ደረሳችሁ የሚለውን ዓምድ ቶሎ እናያለን። ግን ሰላም፣ አንቺ አሁን የቤት ሠራተኞችን በሦስት ሳምንት ውስጥ ለመጨመር አትሞክሪ። የራሱ ሰዎች፣ የራሱ መንገድ ያስፈልገዋል፣ ለብቻው የሚጻፍ ነው።

ሂሳብ_ሹም

ሁላችሁም ስለ ዋናው ነገር አውርታችኋል፣ እኔ ስለ በጀቱ ልናገር። ምክንያቱም ብዙ ጥሩ ሐሳብ የሚሞተው በጀቱ ሠንጠረዥ ላይ ነው። የእንዲህ ዓይነት ፕሮጀክት ሂሳብ ለስድስት ዓመት ይዣለሁ።

አንድ ቀን ዓርብ ከሰዓት በኋላ የፕሮጀክቱ አስተባባሪ ቢሮዬ ገባች። አንዲት ልጅ ተደፍራለች፣ ሐኪም ቤት መድረስ አለባት፣ መኪናና መድኃኒት ያስፈልጋል። ኤችአይቪን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፣ ቀደም ባለ ቁጥር ደግሞ ይሻላል። የእኛ የግዢ መመሪያ ምን ይላል? ሦስት ፕሮፎርማ፣ የግዢ ኮሚቴ፣ ሁለት ፊርማ። አንደኛው ፈራሚ መስክ ነበር። እኔና አስተባባሪዋ ከኪሳችን አዋጥተን ላክናት፣ ደረሰች። በኋላ ኦዲተሩ ያን ወጪ አልቀበልም አለ። እሱስ ምን ያድርግ፣ መመሪያው የተጻፈው እንደዚያ ነው። ጥፋቱ የእኛ ነው፣ ፕሮፖዛሉን ስንጽፍ አላሰብንበትም።

ስለዚህ «የአስቸኳይ ድጋፍ» የሚል ለብቻው መስመር ይኑርሽ። ጥሬ ገንዘብ፣ በአንድ ሰው ፊርማ የሚወጣ፣ ጣሪያ ያለው፣ ቅዳሜና እሑድም የሚሠራ። መመሪያውን ከፕሮፖዛሉ ጋር አያይዢና ለጋሹ አስቀድሞ ይፍቀድልሽ። እኔ እስካየሁት አስቀድሞ ሲጠየቅ እምቢ ያለ ለጋሽ አላጋጠመኝም፣ የሚያስቸግሩት በኋላ ሲነገራቸው ነው።

ሌላው የስም ዝርዝር ነው። ለሥልጠና ፊርማና ስልክ ቁጥር መሰብሰብ ለምደናል። ድጋፍ ለተደረገላት ሴት ግን ይህን ማድረግ አደገኛ ነው። ያ ወረቀት በስንት እጅ እንደሚያልፍ እኔ አውቃለሁ። መለያ ቁጥር ስጪያት፣ ስሟና ቁጥሯ የተያያዘበት አንድ መዝገብ በአንድ ሰው እጅ ተቆልፎ ይቀመጥ፣ ደረሰኙ ላይ የሚገባው ቁጥሩ ብቻ ይሁን። ይህንንም ውሉ ውስጥ አስገቢው።

ከዚያ ደግሞ ለሠራተኞቹ ጊዜ ክፈሉ። በሠሩት ቁጥር የሚከፈላቸው ከሆኑ ሁለት ሰዓት ሥልጠና ማለት የሁለት ሰዓት ገቢ ማለት ነው። ፋብሪካው ይክፈል፣ ካልሆነ በጀትሽ ይክፈል። ያንን ኮንፈረንስ ሰርዢና ከዚያ አምጪው። ለአዳራሽና ለእንግዳ አበል የሚወጣው ገንዘብ የአንዲት አማካሪ ሴት የዓመት ደመወዝ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

የራሳችሁን ወጪም አትደብቂ። የቢሮ ኪራይ፣ የሂሳብ ሠራተኛ፣ ስልክ። ትንንሽ ድርጅቶች እንወደዳለን ብለው እነዚህን ዜሮ አድርገው ይጽፋሉ፣ በስድስተኛው ወር ሠራተኛ ይለቃል፣ ከሠራተኛዋ ጋር ሴቶቹ የሰጧት አደራም ይሄዳል።

የማታ_ፈረቃ

@ሂሳብ_ሹም ስለ ስም ዝርዝሩ ስላነሡ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኛ ያንን ወረቀት ስንፈርም ምን ያህል እንደምንፈራ ሰው የሚያውቅ አይመስለኝም ነበር።

ሰላም_ፕሮጀክት

እጄ እየጻፈ ነው፣ ሁሉንም እየያዝኩ ነው። ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። በ50 በመቶው ፈንታ ምን ልለካ? መነሻ ጥናቱንስ እንዴት ላድርገው? ያሰብኩት ፋብሪካው ውስጥ 200 ሴቶችን መጠየቅ ነበር።

ገምጋሚ_ነበርኩ

ከጥናቱ ልጀምር፣ ምክንያቱም እሱ ሰው ሊጎዳ ይችላል። ፋብሪካ ውስጥ አትጠይቂ። ማን እንደተጠራች፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየች፣ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ እንደነበር ሁሉም ያያል። የዓለም ጤና ድርጅት በሴቶች ላይ ስለሚደርስ የቤት ውስጥ ጥቃት ለሚደረጉ ጥናቶች በ2001 ያወጣው የሥነ ምግባር መመሪያ አለ፣ ለሥራ ቦታም ያገለግላል። ፍሬ ነገሩ፣ የሴቷ ደኅንነት ከመረጃው ይቀድማል፣ ጠያቂዋ ለዚሁ የሠለጠነች ትሁን፣ ሚስጥር ይጠበቅ፣ የምትጠየቀው ሴት እርዳታ ብትፈልግ የምትላክበት ቦታ አስቀድሞ የተዘጋጀ ይሁን። የምትልኪበት ከሌለሽ አትጠይቂ። ገና ምንም ሳይኖርሽ ቁስል መንካት ነው የሚሆነው።

ለመነሻ የሚሆን ሌላ መንገድ አለ። «ደርሶብሻል ወይ» ከማለት ይልቅ ሴቶቹ በትንንሽ ቡድን፣ ከግቢ ውጭ፣ የፋብሪካውን ካርታ በእጃቸው ይሣሉ። የት ነው የሚያስፈራው? የትኛው ኮሪደር፣ የትኛው መጋዘን፣ መኪናው ማታ የት ነው የሚያወርዳችሁ? ማንም የራሷን ታሪክ ሳትናገር ብዙ ነገር ይወጣል። የመብራት ጉዳይ ይወጣል፣ የመጸዳጃ ቤት ቁልፍ ይወጣል፣ ፈቃድና ትርፍ ሰዓት የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ መሆኑ ይወጣል። ይህ የመጨረሻው ደግሞ ትልቅ ነው። አንድ ሰው የኮንትራት እድሳትን፣ ፈቃድን፣ ትርፍ ሰዓትን ብቻውን ከያዘ ሥልጣኑን መሸጥ ይችላል። ሥልጣኑን ለሁለት ሰው መክፈል ከአሥር ወርክሾፕ በላይ ሊከላከል ይችላል፣ ወጪም የለውም። ስምምነት 190ም ሠራተኞች ባሉበት አደጋው ይለይ ይላል፣ ይህን ነው የሚለው።

መለኪያዎቹን ደግሞ @የማታ_ፈረቃ ሰጥታሻለች፣ በማግሥቱ ምን ይሆናል ስትል። ቅሬታ ከቀረበ በኋላ የመጀመሪያው ምላሽ እስኪመጣ ስንት ቀን ፈጀ? በቀነ ገደቡ ያለቁት ስንት ናቸው? ከተናገሩት ሴቶች በስድስተኛው ወር በዚያው ሥራ፣ በዚያው ገቢ ላይ ያሉት ስንቶቹ ናቸው? ይህን ቁጥር ያመጣ ፕሮፖዛል ባነብ ኖሮ በሁለት እጄ ነበር የምደግፈው። ስለ ሪፖርቱ ብዛት ደግሞ በግልጽ ጻፊ፣ «በመጀመሪያው ዓመት እንዲጨምር እንጠብቃለን፣ ምክንያቱም» ብለሽ አስረጂ። ጉዳዩን የሚያውቅ ገምጋሚ ይህን ሲያነብ ያምንሻል።

ሕግ_ነክ

ስለ ወርክሾፖቹ አንድ ነገር ልጨምር። ሥልጠና አይጠቅምም አላልንም። ያ የ2016 የአሜሪካ ሪፖርት ራሱ ሥልጠናው መሥሪያ ቤቱን ከክስ ለማዳን ብቻ ሲሆን እንደማይከላከል ጽፎ፣ ያየ ሰው እንዴት ጣልቃ እንደሚገባ የሚያስተምር ሥልጠና ግን ተስፋ ያለው ነው ይላል። ሱፐርቫይዘሮቹን ቅሬታ ሲመጣላቸው ምን እንደሚሉና ምን እንደማይሉ አስተምሪያቸው። የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ብዙ ትወስናለች። «እርግጠኛ ነሽ?» ካላት እዚያው አለቀ።

የማኅበር_ሰው

ሰላም፣ ይህ ጥሪ ባይሳካ እንዳትቆሚ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በሴቶች ላይ የሚደርስ ጥቃትን ለማስቆም በ1996 ያቋቋመው ትረስት ፈንድ አለ፣ የሚያስተዳድረው ዩኤን ዊሜን ነው። የሴቶች ፈንዶችም አሉ፣ ከ1983 ጀምሮ ያለው ማማ ካሽ፣ አክራ ላይ የተመሠረተው የአፍሪካ ሴቶች ልማት ፈንድ። ትንንሽ ድርጅቶችን ያውቃሉ።

ግን በአንድ ለጋሽ ላይ ብቻ አትደገፊ። ለሌሶቶው ፕሮግራም ከገዢዎቹ ጋር ገንዘብ ያወጣው የአሜሪካ መንግሥት የተራድኦ ድርጅት ዩኤስኤአይዲ ነበር። ያ መሥሪያ ቤት በ2025 ፈርሷል። ስንት ጥሩ ሥራ በየአገሩ በአንድ ደብዳቤ እንደቆመ ሁላችንም አይተናል። የስልክ መስመር ከፍተሽ፣ ሴቶች ቁጥሩን በቃላቸው ከያዙ በኋላ መስመሩ ቢዘጋ ከመጀመሪያው ባይኖር ይሻል ነበር። ስለዚህ መስመሩን ማን ይረከበዋል የሚለውን አሁኑኑ ጻፊ። ማኅበሩ ነው? ፋብሪካው በየወሩ የሚያዋጣበት ውል ነው?

ሰላም_ፕሮጀክት

ዛሬ ከአለቃዬ ጋር ሦስት ሰዓት ተቀመጥን። መጀመሪያ ከበዳት። የ@የማታ_ፈረቃን ጽሑፍ ሳነብላት ግን ዝም ብላ ሰማች፣ ከዚያ «ሦስቱን ፋብሪካ ወደ አንድ አውርጂው» አለች።

አሁን ያለው ይህ ነው። አንድ ፋብሪካ፣ መጀመሪያ ስምምነት ይፈረማል። ካልፈረሙ ገንዘቡን ወደ ሌላ ፋብሪካ ለማዞር ለጋሹን በጽሑፍ እንጠይቃለን። ኮንፈረንሱ ወጥቷል፣ ሳጥኑም ወጥቷል። በምትኩ ከግቢ ውጭ የምትቀመጥ አንዲት አማካሪና የስልክ መስመር፣ ከፋብሪካው የውስጥ ኮሚቴ ጋር የምትሠራ የውጭ መርማሪ፣ በየመስመሩ ሴቶቹ ራሳቸው የሚመርጧቸው ታዛቢዎች፣ ለጊዜያቸው የሚከፈላቸው። የአስቸኳይ ድጋፍ መስመር ከነመመሪያው ተያይዟል፣ @ሂሳብ_ሹም የጻፉትን ቃል በቃል ነው የወሰድኩት። የ50 በመቶዋ ግብ ሄዳለች። በቦታዋ የገባው «ቅሬታ ካቀረቡ ሴቶች መካከል በስድስተኛው ወር በሥራቸውና በገቢያቸው ላይ ያሉ» የሚለው ነው። መስመሩን ማን ይረከበዋል ለሚለው ገና ጥሩ መልስ የለኝም፣ ከማኅበሩ ጋር ማክሰኞ ቀጠሮ ይዘናል።

@የማታ_ፈረቃ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። ከማስገባቴ በፊት አንቺ ብታነቢው ደስ ይለኛል። ለጊዜሽ እንከፍላለን፣ በጀቱ ላይ የለም፣ ግን አለቃዬ ከቢሮው ወጪ ትፈቅዳለች። ስምሽ የትም አይጻፍም። እምቢ ብትዪም ይገባኛል።

የማታ_ፈረቃ

ላኪልኝ፣ አነባለሁ። ሐሙስ እረፍት ነኝ። ሴትየዋ መጀመሪያ የምትደውልበት ስልክ ላይ ማን እንደሚያነሣ የተጻፈበትን ገጽ አስቀድመሽ ላኪው፣ ከእሱ ነው የምጀምረው።